የጣሊያን ካሚዮን፣ የአሜሪካ ነዳጅ

የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ገበያ ላይ የዋለችውን ዴ ቶማሶ ፓንቴራን አንስተው አይጠግቡም፤ መኪናዋ የጣሊያን፣ 5.8 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯ የአሜሪካው ፎርድ። ጎንደር ግን ጣሊያንና አሜሪካ በአንድ መኪና ሲገናኙ ያየችው ከዚያ 35 ዓመት ቀድማ ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ የፋሽስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ከ3 ሺህ የሚበልጥ ጦር በመቶዎች በሚቆጠሩ ካሚዮኖች ጭኖ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። በ2018 ዓ.ም. 90 ዓመት ሞላው። መጋቢት 6 ከአስመራ ተነስቶ በምዕራቡ ቆላ ሰቲትን ተሻገረ። የመኪና መንገድ ስላልነበረ ወታደሩ ከካሚዮኑ እየወረደ ድንጋይ ይፈነቅል፣ ዛፍ ይቆርጥ ነበር።

ስታራቼ ኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዞውን የጀግንነት ዘመቻ አድርጎ አቀረበው። ግን ጀግንነቱ ከማን ጋር ነው? ራስ እምሩ የካቲት መጨረሻ ላይ ሽሬ ተዋግተው፣ ጦራቸው ተከዜን ሲሻገር በአውሮፕላን ተደብድቦ አልቆ ነበር። ጎንደርን የሚከላከል ጦር አልቀረም። ካሚዮኖቹ ያሸነፉት ቆላውንና ዳገቱን ነው።

ጦሩ በነበረበት ጊዜማ ሌላ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 5 የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ገጠሙ። ታንኩ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ መትረየሱ ከፊት ለፊቱ ብዙም የማይዞር ነበር። የእኛ ሰዎች ከኋላ እየመጡ ዘለው ወጡበት፤ አቃጠሉት፣ ገለበጡት። ባላምባራስ ተሰማ የሚባሉ አርበኛ ታንኩ ላይ ወጥተው አንኳኩ፣ ውስጥ ያሉት ሲከፍቱላቸውም በጎራዴ ቀሏቸው ይባላል። ዝርዝሩ ያከራክር ይሆናል፤ ታንኮቹ ግን እዚያው ቀርተዋል።

ካሚዮኖቹ የሚነዱበትን ነዳጅ በሚመለከት፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር 8 በጣሊያን ላይ በጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ አልነበረም። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም፤ ወደ ጣሊያን የምትልከው ነዳጅም በእነዚያ ወራት ጨመረ። በደቡብ ግንባር የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ካሚዮኑንና ካተርፒላሩን ሳይቀር ከአሜሪካ አስገዝቷል። ሙሶሊኒ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያን ለቅቄ እወጣ ነበር ብሎ ለሂትለር መናገሩን አስተርጓሚው መዝግቧል።

ከወረራው በኋላ ጣሊያን ሊማሊሞን ቆርጦ መንገድ አወጣ፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት ካሚዮንም በዚያ ገደል በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ኖረ። ዛሬም ነዳጃችን ከባሕር ማዶ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር።