«እግዚአብሔር ይስጥልኝ»፦ የምስጋና ቃልና የተቀባይ ዕዳ በክርስቲያኖች የዕለት ኑሮ

አንድ የሰፈር ልጅ ከቦኖ የተቀዳ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ ለአንዲት አረጋዊት ጎረቤቱ ያደርሳል። እማማ ከመደባቸው ተነሥተው ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እደግ፣ ተመንደግ» ይሉታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይልና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። በአማርኛ ተናጋሪ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ሳያይ፣ ወይም ራሱ ያ ልጅ ሳይሆን አልቀረም። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የልጁ መልስ ነው። «ምንም አይደል» ማለት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን «አሜን» አለ። የተባለለት ነገር ጸሎት መሆኑን ማንም ሳያስረዳው ያውቃል።

ሐረጉን ፈታ አድርገን እንየው። በ«ይስጥልኝ» ውስጥ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። «ልኝ» የምትለው ቅጥያ ደግሞ የተናጋሪዋ ምልክት ናት፤ «በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥ» እንደማለት ነው። ውኃውን ያመጣው ልጅ በግሱ ላይ ምልክት እንኳ የለውም። እማማ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ተናግረዋል፦ ተቀብያለሁ፣ ብድሩን መመለስ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ስለዚህ ዕዳውን መክፈል ለሚችለው አሳልፈው ሰጡት። «እንደምን አደሩ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ወገቤን ያመኛል እንጂ» ይላሉ። ምስጋናው ይቀድማል፣ ሕመሙ ይከተላል። ሙስሊሙ ጎረቤታቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሲጀምር በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በአማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ ምስጋና ከስሜት አስቀድሞ ሥርዓት ነው፤ እግዚአብሔርን በሰጪና በተቀባይ መካከል ሦስተኛ ወገን አድርጎ የሚያስገባ ሥርዓት። በዚህም ተቀባዩን የሰጪው ሎሌ ከመሆን ያድነዋል። ከኃላፊነቱም ጭምር የፈታው ዕለት ግን ሥርዓቱ ይበላሻል።

የዚህ አካሄድ ጥንታዊ ምሳሌ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ይገኛል። ጳውሎስ ታስሯል። የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለታል። በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ ስለዚሁ ስጦታ በሰፊው ይጽፋል፤ ደስ መሰኘቱን ይናገራል፣ ስጦታውን ለእግዚአብሔር እንደ ቀረበ መዓዛው ያማረ መሥዋዕት ይቆጥረዋል። ሆኖም «አመሰግናችኋለሁ» የሚል ቃል በዚያ ክፍል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል፤ «ምስጋና የሌለበት ምስጋና» እስከማለት የደረሱ አሉ። አማርኛ ለሚናገር አንባቢ ግን እንቆቅልሹ ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ጳውሎስ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ አምላኩ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ እንደሚሞላላቸው ይናገራል። እኔ አልችልም፣ እርሱ ይክፈላችሁ ማለቱ ነው። በእኛ አነጋገር «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሏቸዋል።

ይህ አነጋገር በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። በሮማውያን ዓለም ስጦታ የተቀበለ ሰው የሰጪው ደጅ ጠኚ ይሆን ነበር፤ በአደባባይ ያወድሰዋል፣ ጠዋት ጠዋት ደጁን ይጠናል፣ በችግሩ ቀን ይሰለፍለታል። የአዲስ ኪዳን ተመራማሪው ጆን ባርክሌይ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው፣ ጳውሎስ ስለ ስጦታ ያለውን አስተሳሰብ በመረመረበት መጽሐፉ፣ የእግዚአብሔር ጸጋ የተቀባዩን ብቃት ሳያይ የሚሰጥ ቢሆንም ምላሽ የማይጠብቅ እንዳልሆነ ይሞግታል። ይህ ነጥብ ለእኛም ይጠቅማል። ብድሩ ወደ እግዚአብሔር ተላለፈ ማለት ተሰረዘ ማለት አይደለም።

ከዕለት ቋንቋ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሻገር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 14 ቅዳሴያቷን በግእዝ «አኮቴተ ቁርባን» ትላቸዋለች። አኮቴት ምስጋና ማለት ነው። ግሪኮቹ ለቁርባን የሰጡት ስምም ትርጉሙ ምስጋና ነው። ስለዚህ ክርስቲያን ቆረበ ስንል፣ በእነዚህ ስሞች ትርጉም፣ አመሰገነ ማለታችን ነው። በቅዳሴው ውስጥ ጸሎተ አኮቴት የሚባል ክፍል አለ፤ ካህኑ እግዚአብሔርን የሚያመሰግንባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ሀብት የለም፣ ሹመት የለም። እግዚአብሔር የሚመሰገነው ስለሸፈነን፣ ስለረዳን፣ ስለጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓትም ስላደረሰን ነው።

«ስላደረሰን» በሚለው ላይ ቆም ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የቅዳሴ ቃል ከቤተ መቅደስ ወጥቶ በየቤቱ ገብቷል። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» እንባባላለን። ማን ነው ያደረሰው? አረፍተ ነገሩ ባለቤቱን አይጠራም፤ መጥራትም አያስፈልገውም። «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚለው መልስም እንዲሁ። ዓመቱን የተሻገርነው በራሳችን ጉልበት እንዳልሆነ በሁለት ቃል ተስማምተን ወደ ዶሮው ወጥ እንቀርባለን። ከዚሁ ከ«እንኳን» ቤተሰብ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ይገኛል፤ አራስ ጥየቃ የገባ ሰው ገና ሕፃኑን ሳያይ ለአራሷ የሚለው ነው። ወሊድ የሞትና የሕይወት ጠርዝ መሆኑን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ያወጣው ቃል ነውና ባለ ሙሉ ክብሩ ልንይዘው ይገባል። ከሕመም ለተነሣም «እንኳን እግዜር ማረህ» ይባላል። እነዚህን ሁሉ ስናይ አማርኛ ስለ ሰው የሚቀርበውን ምስጋና የሚናገረው ለሰውየው ራሱ እንደሆነ እናስተውላለን፤ አንተ ስለተረፍህ እኔ አመሰግናለሁ የሚል ምስጋና ነው። የሌላውን በጎ እንደራስ በጎ መቁጠር የሚለመደው እንዲህ ባለ አነጋገር ነው።

ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። ተመስገን፣ ምስጋናው የሚባሉ ልጆች በየትምህርት ቤቱ አሉ። ከዛግዌ ነገሥታት አንዱ ነአኵቶ ለአብ ይባል ነበር፤ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ።  የንጉሥን ስም ትእዛዝ ሳይሆን የምስጋና ግብዣ አድርጎ ያወጣ ማኅበረሰብ ስለ ሥልጣን የነበረው አስተሳሰብ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስ የምስጋናን ዕዳ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፦ የተደረገልንን ውለታ ማወቅ፣ በአንደበት ማመስገን፣ በሚመች ቦታና ጊዜ እንደ አቅም መመለስ። ልብ፣ አፍ፣ እጅ ልንላቸው እንችላለን። እስካሁን ያየነው በአብዛኛው አፍን ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የክርስቲያኖችን የእሑድ ጉባኤ ሲገልጽ፣ መሪው ረጅም ምስጋና ካቀረበ በኋላ ሕዝቡ «አሜን» እንደሚል፣ ዲያቆናት ላልመጡት ድርሻቸውን ይዘው እንደሚሄዱ፣ የተሰበሰበው ገንዘብም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ይነግረናል። አፍ ከእጅ አልተለየም።

ይህ አንድነት በግልጽ የሚታየኝ በጽዋ ማኅበር ነው። በወር በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን የሚጠጡ ሰዎች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ድፎው ዳቦ ከነኮባው ጠረኑ ቤቱን ሞልቶታል፤ ጠላው በእንስራ ቀርቧል። ካህኑ ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ለደጅ ነዳያን ድርሻቸው ይወጣል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ የቀረ ሰው መኖሩን ይጠይቃል፤ ታሞ ከሆነ መጠየቅ፣ ኀዘን ደርሶበት ከሆነ መድረስ ግዴታ ነው። ማታ ላይ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀጥለው ወር ተረኛ በክብር ተቀብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ ሰዓት የሁሉም ፊት ወደ ተረኛው ይዞራል። የበላ ሰው ተራው ሲደርስ ያበላል። ብድሩ ላበላው ሰው ብቻ ተመልሶ አይቆምም፤ እየዞረ ይኖራል። ምስጋና በእጅ ሲሆን እንዲህ ያለ መልክ ይይዛል።

ስለት ግን ጠንቀቅ ብለን ልናየው የሚገባ ነገር ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ምንጣፍ፣ ገንዘብ ይዞ የሚሄደው ስለቱ ስለሰመረለት ነው። እምነቱን አከብራለሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ልብ የሚመዝን አምላክ ብቻ ነው። ሆኖም «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አመጣለሁ» የሚለው ቃል ከውል ብዙ እንዳይርቅ እሰጋለሁ። በሉቃስ ወንጌል 17ኛው ምዕራፍ ዐሥር ለምጻሞች ጮኹ፣ ዐሥሩም ነጹ፣ አንዱ ብቻ ተመለሰ። ያ ሳምራዊ ቀድሞ የገባው ቃል አልነበረም። ዘጠኙም የታዘዙትን አላፈረሱም፤ ወደ ካህናት እየሄዱ ነበር። ግዴታቸውን እየፈጸሙ ምስጋናው ቀረባቸው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማው ምስክርነትም በዚህ ሚዛን ቢታይ መልካም ነው። ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ የተደረገለትን ሲናገር የመመለስ ሥራ ይሠራል፤ ንግግሩ ስለ ራሱ ብልጫ መሆን ሲጀምር ግን መንገዱን ይስታል።

የዘመኑ ሥነ ልቦናም በዚህ ጉዳይ የሚለው አለው። ሮበርት ኢመንስና ማይክል ማከላ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እየጻፉ እንዲይዙ የተደረጉ ሰዎች፣ የሚያማርሯቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናግረዋል። ግኝቱ ጥሩ ነው። ለክርስቲያን ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ ስለ መልካም ነገር ደስ መሰኘት አንድ ነገር ነው፣ ሰጪውን ዐውቆ ወደ እርሱ መዞር ሌላ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር ላይ ደርሻለሁ። «ተመስገን በል» የሚለው ቃል የተጎዳን ሰው አፍ ለመዝጋት ሲውል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጇን ለቀበረች እናት፣ ከሥራ ያለ ጥፋቱ ለተባረረ ሰው፣ ባሏ ለሚደበድባት ሚስት «ይህንንም አታሳጣኝ በይ» ይባላል። የሃይማኖታችን ትምህርት ይህን አይደግፍም። ኢዮብ ሁሉን ባጣበት ቀን እግዚአብሔርን ባርኳል፤ ቃሉ የወጣው ከራሱ አንደበት ነው። የተወለደበትን ቀን የረገመውም ያው ኢዮብ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ባለቀሰው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ሊያስተምሩት በሞከሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት መንገድ ኮማና ላይ ሲያርፍ ስለ ሁሉም ነገር አምላኩን እንዳመሰገነ ይተረካል። ያሳደዱት ሰዎች «አመስግን» ብለውት ቢሆን ኖሮ ቃሉ ስድብ ይሆን ነበር። ባህላችን ይህን ልዩነት ጠብቆ አቆይቷል፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ይላል እንጂ ኀዘንተኛን አመስግኑ አይልም።

ሁለተኛው ብልሽት ከሦስተኛው ወገን ጋር ይያያዛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የአረጋዊቷ እማማ አፍ ላይ እውነት ነው፤ መመለስ አይችሉምና። መክፈል የሚችል ሰው ሲለው ግን ዕዳን በእግዚአብሔር ላይ መጣል ይሆናል። ከንጋት በፊት ተነሥታ እሳት የምታነድ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ሕፃን የምታዝል፣ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ የቤት ሠራተኛ በየቤታችን አለች። ከማዕድ ስንነሣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» እንላታለን፤ ደመወዟን ግን «ቆይ ይጠራቀምልሽ» እያልን ወር ከወር እናሻግራለን። የኦሪት ሕግ የድኃውን የቀን ምንዳ ፀሐይ ሳትገባ ስጥ ይላል። ያዕቆብም በመልእክቱ የተከለከለው የሠራተኞች ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ስለዚህ በዚያ ቤት ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ይወጣል፦ የአሠሪው ምስጋናና የደመወዙ ጩኸት።

ካህናትና ሰባክያን፣ ይህን በዐውደ ምሕረት ንገሩልን። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ያልተከፈላትን ወር ቁጠሩ። ገንዘቡን ዛሬ በእጇ ስጧት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»ን ከዚያ በኋላ በሏት።