በገደብ ላይ ሳሉ አዲስ ወንጀል መፈጸም

በገደብ ላይ ሳሉ አዲስ ወንጀል መፈጸም ማለት፣ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱ የታገደለት ሰው ፍርድ ቤት በሰጠው የፈተና ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል ሠርቶ ሲገኝ ነው። በኢትዮጵያ ይህን የሚገዛው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ሲሆን፣ ስለ ገደብ የሚናገረው ከአንቀጽ 190 እስከ 200 ባለው ክፍል ነው። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ በሰሜን ጎንደር የአዲ አርቃይ ወረዳ ፍርድ ቤትም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ችሎት የሚያነበው ያንኑ አንቀጽ ነው።

ገደብ ወደ አገራችን ሕግ በሰፊው የገባው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊስ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት በቤልጅግ በ1888፣ በፈረንሳይ በ1891 እ.ኤ.አ. ሕግ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ ዛሬም አልተለወጠም። አጭር እስር ሰውን ከእርሻውና ከልጆቹ ይለያል፤ ጠባዩን ግን እምብዛም አያርምም።

ገደብ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሁለተኛው ጥፋት ውጤትም በዚሁ ይለያያል። በመጀመሪያው ዓይነት ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ቅጣቱን ሳይወስን ያቆየዋል። ይህ ከዚህ በፊት ላልተቀጣና ወንጀሉ ቀላል ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው፤ የፈተናው ጊዜ በደህና ካለፈ የጥፋተኝነት ውሳኔው እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሁለተኛው ዓይነት ቅጣቱ ተወስኖ፣ ለምሳሌ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ተብሎ፣ አፈጻጸሙ ብቻ ይታገዳል። የፈተናው ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ተቀጪው መልካም ጠባይ ለማሳየትና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን ለመካስ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ዋስ እንዲጠራም ሊታዘዝ ይችላል።

አንድ ገበሬ በግጦሽ ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ አንድ ዓመት ተፈረደበት፣ ቅጣቱም ለሁለት ዓመት ተገደበለት እንበል። በዐሥራ ስምንተኛው ወር ሆን ብሎ ሌላ ሰው ቢያቆስልና በዚህም ጥፋተኛ ቢባል ገደቡ ይነሣል። የድሮው አንድ ዓመት ይፈጸምበታል፣ ለአዲሱ ወንጀል የሚወሰነው ቅጣትም ይጨመርበታል። በሰላም የኖረባቸው ዐሥራ ስምንት ወራት ከእስሩ አይቀነሱለትም። ቅጣቱ ሳይወሰን በቆየለት ሰው ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ አሁን ለመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት ይወስንበታል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ያ ጉዳይ አልቋል» ብሎ ስለሚያምን። አላለቀም ነበር፤ ውሳኔው በፋይሉ ውስጥ የፈተናውን ጊዜ ማለቅ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለተቀጪው በሚገባው አነጋገር፣ በውሳኔው ዕለት፣ ዳኛው ራሱ ማስረዳት አለበት ብዬ አምናለሁ። የጽሑፍ ግዴታ ማንበብ ለማይችል ሰው ብዙም አይነግረውም።

ገደብ የሚያስነሣው በመሠረቱ ታስቦ የተፈጸመ ወንጀል ነው። በቸልተኝነት በሬውን የሰው ማሳ ያስበላ ገበሬ ሆን ብሎ ከሰረቀው ጋር እኩል አይታይም። አዲስ ወንጀል ሳይሠራ የተሰጡትን ግዴታዎች ብቻ ለጣሰ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት ማስጠንቀቅ፣ የፈተናውን ጊዜ ማራዘም ወይም ገደቡን ማንሣት ይችላል። ከአዲ አርቃይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የሚወርድ ሰው፣ በተወሰነ ቦታ እንዲኖር ታዞ ከሆነ፣ ሳያስፈቅድ መሄዱ ራሱ ከዚህ ይቆጠርበታል።

መከሰስ ብቻውን ገደብ ማስነሣት የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይሰጣል። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ከወንጀል ክርክር ባነሰ የማስረጃ ሚዛን ዳኛ ገደቡን ሊያነሣ ይችላል፤ የኛ መንገድ የተሻለ ነው።

በጎንደር ደጋ ጠብ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ሽማግሌ ነው፤ እርቁም በሕግ ፊት ቦታ አለው፤ ግን በሁሉም ወንጀል አይደለም። አዲሱ ጥፋት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ፣ እንደ ስድብ ወይም ቀላል ድብደባ፣ ተበዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ሲተው ክሱ ይቋረጣል፤ ጥፋተኛ የሚያሰኝ ፍርድ ስለማይኖርም ገደቡ በዚህ ምክንያት አይነሣም። ከባድ የአካል ጉዳት ወይም ስርቆት ከሆነ ግን እርቅ ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ዐቃቤ ሕግን አያስቆምም።

አመክሮ ከገደብ ጋር ይምታታል። አመክሮ ከተፈረደበት እስር ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ለፈጸመ እስረኛ የሚሰጥ መፈታት ነው። በአመክሮ ወጥቶ ሆን ብሎ ወንጀል የሠራ ሰው ቀሪውን እስር ለመፈጸም ወደ ማረሚያ ቤት ይመለሳል። ከዚያም የሚብስ አለበት፤ የወንጀል ደጋጋሚነት ድንጋጌ የሚነካው ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ፈጽሞ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ታስቦ በሚፈጸም ወንጀል የተገኘን ሰው በመሆኑ፣ አዲሱ ቅጣት ራሱ ይከብድበታል። እስር ቤት ሳይገባ በገደብ የቆየ ሰው በዚህ ትርጉም ደጋጋሚ ባይባልም፣ ቀደም ሲል ጥፋተኛ መባሉ ቅጣት ሲወሰን መታየቱ አይቀርም።

ይቅርታ ደግሞ የአስፈጻሚው ሥልጣን ነው፤ ለመሰረዙም አዲስ የወንጀል ፍርድ አላስፈለገም ነበር። ለምሳሌ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ዕድሜ ልክ ከተፈረደባቸው በኋላ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጥተው፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ስለ ይቅርታው በተናገሩት ምክንያት ተይዘው የዕድሜ ልክ ቅጣታቸው ተመልሶባቸዋል፤ የተፈቱት በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በገደብ ላይ ያለ ሰው ግን ዳኛ ፊት ቀርቦ ይከራከራል። የአዲ አርቃይ ወረዳ ፍርድ ቤት ገደቡን ቢያነሣበት ይግባኙን ወደ ሰሜን ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ካለም እስከ ሰበር ይደርሳል።