ሽፈራው፣ ሙዝና የካንሰር መከላከል ምክር ታሪክ

በጋሞ ቆላማ አካባቢ የሽፈራው ቅጠል፣ በአካባቢው አጠራር ሃሌኮ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር ተቀቅሎ የዘወትር ምግብ የሆነው ማንም ባለሙያ ሳይመክር ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ ግን በአብዛኛው በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል።

አትክልትና ፍራፍሬ ካንሰርን ይከላከላል የሚለው ምክር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ዶልና ሪቻርድ ፒቶ በአሜሪካ ከካንሰር ሞት 35 በመቶ ያህሉ ከአመጋገብ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገመቱ፤ ግምቱ ከ10 እስከ 70 በመቶ ሊደርስ እንደሚችልም ገለጹ። ብዙዎች የያዙት 35ቱን ብቻ ነው።

ቀጥሎም ጥቅሙ በማንጎና በሽፈራው ቅጠል ጭምር ከሚገኘው ቤታ ካሮቲን ይሆናል ተብሎ በእንክብል ተሞከረ። በ1994 ይፋ የሆነው የፊንላንድ ጥናት እንክብሉን የወሰዱ አጫሾች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ መያዛቸውን አሳየ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ሙከራ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ1997 «አሳማኝ» ያለውን ማስረጃ በ2007 ዝቅ አደረገው፤ በ2010 የወጣው ሰፊ የአውሮፓ ጥናትም ግንኙነቱን ደካማ ሆኖ አገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ የሚሰጠው ምክር ግን ለልብና ለደም ሥር ጤናም ስለሚጠቅም አልተነሣም።

ስለዚህ ሃሌኮን የሚያመሰግን የጤና ባለሙያ አልተሳሳተም። ሆኖም የቅጠሉ ዱቄት በሰው ላይ ካንሰርን እንደሚያድን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም፤ ከወር አበባ ውጪ ደም የሚፈሳት እናት በዱቄቱ ተማምና የማኅፀን በር ምርመራዋን ካዘገየች፣ የምታጣው በሽታው ሊታከም የሚችልበትን ጊዜ ነው።