«አስቸጋሪው» ባክቴሪያና የስሙ ታሪክ

ፍጥረትን በመልኩ ብቻ መደልደል እንደሚያሳስት ኦክስጅን የማይስማማው የአንድ ባክቴሪያ ታሪክ ያስረዳናል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሆልና ኦቱል በአራስ ሕፃናት ዐይነ ምድር አገኙት፤ ለይቶ ማራባቱ ስላዳገታቸውም «ባሲለስ ዲፊሲሊስ» አሉት፤ ይኸውም «አስቸጋሪው» ማለት ነው። በ1938 ፈረንሳዊው ፕሬቮ ክሎስትሪድየም ወደሚባለው ወገን አዛወረው። በዚያ ዘመን በትር መሳይ ሆኖ ኦክስጅንን የሚሸሽና ስፖር የሚሠራ ባክቴሪያ አብዛኛው በዚህ ወገን ይቈጠር ነበር።

በ1978 ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ለሚነሣው ብርቱ የአንጀት ብግነት መንሥኤው ይኸው ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም በየሆስፒታሉ ተለመደ። ይሁን እንጂ በ1994 የራይቦዞም አር ኤን ኤ ሲነጻጸር፥ ክሎስትሪድየም ዝምድናቸው የተራራቀ ነገዶች ስብስብ ሆኖ ተገኘ፤ «አስቸጋሪው»ም ለወገኑ መለኪያ ከሆነው ከክሎስትሪድየም ቡቲሪኩም ርቆ ቆመ።

በ2013 በጂኖም ንጽጽር ፔፕቶክሎስትሪድየም የሚል ስም ቀረበለት። በ2016 ግን ላውሰንና ባልደረቦቹ የጂኑን ንጽጽር ከኬሚካዊ ጠባዩ ጋር አገናዝበው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ አሉት፤ ሐኪሞች የለመዱት አኅጽሮት እንዳይፈርስም የስሙን መነሻ ፊደል ጠበቁ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ስም ዝምድናን በእውነት ሊናገር እንደሚገባው፥ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ግን ማደናገር እንደማይገባው ነው።