ከጨፋ እስከ አዋሽ
የወንዝ ጕዞ መንገድ ስለ መምረጥ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ከከሚሴ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ የጨፋን ሜዳ ያውቀዋል። ከደሴ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል የሚወርደው ቦርከና ወደዚህ ሜዳ ሲደርስ ሩጫውን ያቆማል፤ ተኝቶና ተዘርግቶ ረግረግ ይሆናል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በአፋር ቆላ ከአዋሽ ጋራ ይገናኛል። በካርታ ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሰማያዊ መስመር ከሌላ ሰማያዊ መስመር ጋራ ይጋጠማል።

ባለፈው የዕረፍት ወራት እኔና ሦስት ጓደኞቼ በዚህ መስመር ተታለልን። ከጨፋ ተነሥተን በጎማ ጀልባ ዓሣ እያጠመድን እስከ አዋሽ ለመውረድ ዐሰብን፤ ከእኛ በፊት ማንም ያልሄደበት አዲስ መንገድ ያገኘን መስሎን ነበር። አንድ የከሚሴ ሽማግሌ ግን ካርታውን ሳይመለከቱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ በየትኛው ወር ትሄዳላችሁ? በማን ግጦሽ ታልፋላችሁ? ስንቃችሁ ሲያልቅስ ምን ትበላላችሁ?» እኛም ለአንዱ እንኳ የሚሆን መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ጕዞውን ትተን ወደ መጽሐፍ ተመለስን። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ከእኛ በፊት በአገራችን ወንዞች ለመውረድ የተነሡ ሰዎች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንዴት እንደ መለሱ፣ ሳይመልሱም የቀሩት ምን እንደ ደረሰባቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይረዳልኝ።

1ኛ፤ ስለ ወሩና ስለ ውሃው

በካናዳ የጥንት ነገዶች ከዛፍ ቅርፊት ቀላል ታንኳ እየሠሩ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይጓዙ ነበር፤ የጸጕር ነጋዴዎችም ይህንኑ መንገድ ወረሱ። ዛሬም በዚያ አገር ሰዎች ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በየዓመቱ አዲስ የታንኳ መንገድ ይመርጣሉ። ይህ የተቻለው ምድሩ ዝቅተኛና ሐይቆቹ የተቀጣጠሉ ስለ ሆኑ ነው። የእኛ አገር ወንዝ ግን ከደጋ ወደ ቆላ የሚዘል ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ በአገራችን ታንኳ የሐይቅ ዕቃ እንጂ የወንዝ ዕቃ ሆኖ አልቈየም። የጣና ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ በሐይቁ ላይ እህልና እንጨት ያመላልሳል፤ ወደ ጭስ ዓባይ ፏፏቴ ግን የሚወስደው የለም።

ይህን ያልተረዳ የመጀመሪያው ሰው አሜሪካዊው ማክሚላን ነው። በ1903 የብረት ጀልባዎች በክፍል በክፍል አስጭኖ ወደ አባይ ሸለቆ አወረደና ገጣጥሞ ውሃ ላይ አዋላቸው። ጀልባዎቹ ብዙ ሳይርቁ በድንጋይ ላይ ተሰባበሩ። ከሱዳን በኩል ሽቅብ መጥቶ እንዲገናኘው የታሰበው ኖርዌያዊው ጓደኛው ጄሰንም በፏፏቴው ተገትቶ ቀረ። ማክሚላን ገንዘብም ድፍረትም አላነሰውም፤ ያነሰው የውሃውን ጠባይ ማወቅ ነበር።

በተቃራኒው የባሮን ታሪክ እንመልከት። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት የእንግሊዝና የሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ለማቆም ፈቃድ አገኘ፤ በ1904ም ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ወደ ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። በበጋ መርከብ አይታሰብም። ነጋዴዎቹም ቡናቸውን በዚሁ ወራት አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር እንጂ ወንዙ በእነርሱ ቀጠሮ እንዲገዛ አልጠየቁም። ጣቢያው ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 እስኪመለስ ድረስ መንገዱ ሠርቷል። በኢትዮጵያ ወንዝ ለረዥም ዘመን የሠራ የመርከብ መንገድ ቢኖር ይህ ነው፤ የሠራበትም ምክንያት ወሩን ስላከበረ ነው።

ወደ ቦርከና ስንመለስ ጉዳዩ ከሁለቱም ይለያል። ከሚሴ 1400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት በገዋኔ አጠገብ ያለው የአዋሽ ሜዳ 600 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጨፋ የተኛው ውሃ ከዚያ በታች የቀረውን ቍልቍለት ሁሉ መወጣት አለበት ማለት ነው። በበጋ ጀልባ የሚሸከም ውሃ የለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከተራራው በድንገት የሚወርደው ጐርፍ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን የእኛን ዐሳብ ለማፍረስ በቂ ነበር።

2ኛ፤ ስለ ሰዉና ስለ ፈቃዱ

ከውሃው ይልቅ ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ «ሰው ያልረገጠው ምድረ በዳ» የሚሉት ቦታ ባለቤት ያለው ምድር ነው። በ1875 ለግብፅ መንግሥት ያገለግል የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ጦር አስከትሎ ወደ አውሳ ሲገባ በአፋሮች እጅ ጠፋ። በ1928 ኔስቢት ከሁለት ኢጣልያውያን ጋራ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ በአፋር ምድር ወደ ሰሜን ሲያቋርጥ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ በመንገድ ተገደሉበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አዋሽ ወዴት እንደሚደርስ ለማወቅ የተነሣው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1910 በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ይህ ሰው ጕዞውን ሲጀምር ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ከእኛ እምብዛም አይበልጥም። በታኅሣሥ 1933 ከአዋሽ ጣቢያ በግመል ተነሣ። በመንገዱ ጠብ በመኖሩ መንግሥት ወደ ኋላ መልሶት ነበር፤ እርሱም አዲስ አበባ ሄዶ እንደ ገና ፈቃድ ለምኖ ተመለሰ። አውሳ ሲደርስም ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፊት ቀርቦ ማለፊያ ጠየቀ፤ ሱልጣኑም ፈቀዱለት። በዚህ ዓይነት አዋሽ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ አይቶ በግንቦት 1934 ታጁራ ገባ። ቴሲጀር ወንዝ እየተከተለ ሳለ ጀልባ አልያዘም። ከውሃው ይልቅ በወንዙ ዳር ያለውን ሰው መንገዱ አድርጎ ስለ ቈጠረ በእግርና በግመል መሄድን መረጠ።

በአባይም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ወንዙን በጀልባ ሊወርድ አልሞከረም። በበቅሎ ሆኖ የሸለቆውን አፋፍ እየተከተለ፣ ባላገሩን መሻገሪያው የት እንደ ሆነ እየጠየቀ ለብዙ ዓመታት ካርታ ሠራ። የደከመበትም ሥራ በ1936 በመጽሐፍ ወጣ። በ1962 ግን በታንኳ የወረዱ የስዊስና የፈረንሳይ ሰዎች አስቸጋሪውን ውሃ ካለፉ በኋላ በሌሊት በሰፈራቸው በሽፍቶች ተጠቁና ሁለቱ ሞቱ። ውሃውን አሸነፉት፤ የዳሩን ሰው ግን አላወቁትም ነበር። በ1965 ስዊድናዊው አርኔ ሩቢን ከሻፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን በካያክ ሱዳን ገባ። በ1968 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ብላሽፎርድ ስኔል በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ ብዙ ወታደሮችንና ሳይንቲስቶችን ይዞ በክረምቱ ሙላት ወረደ፤ ይህን ያህል ዝግጅት ተደርጎ እንኳ አንድ ወታደር ሰጠመ፣ ተኩስም አልቀረላቸውም። አባይን ከኢትዮጵያ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በጀልባ ለመጨረስ የቻሉት ስካቱሮና ብራውን ሲሆኑ ይህም የሆነው በ2004 ነው፤ ጕዟቸውም 114 ቀን ፈጀ።

የጨፋ ግጦሽ ባለቤቱ ማን ነው? በበጋ ሌላው ቆላ ሲደርቅ የአካባቢው ኦሮሞና ከምሥራቅ የሚመጣው አፋር ከብቱን ይዞ በዚህ ረግረግ ይሰፍራል። ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ የትኛው ጐሣ በየት በኩል እንደሚገባ በሽማግሌ የተወሰነ ሥርዓት አለ። ሜዳው ለእርሻ እየተቈረሰ በሄደ መጠን ይህ ሥርዓት እየተጨነቀ መጥቷል። በ2021 ጦርነት ወደ ከሚሴ በደረሰ ጊዜም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋናው መንገድ ራሱ ለመንገደኛ የማይታሰብ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ አራት ተማሪዎች ሳይጠይቁ ጀልባ ይዘው ብቅ ቢሉ ሰላዮች ወይም መሬት ለካዮች መስለው ቢታዩ ምን ይገርማል?

3ኛ፤ ስለ ዓሣውና ስለ ስንቁ

ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንዙን ጤንነት የሚገልጸው እርሱ ነው። በአገራችን ለዓሣ አጥማጅ የተመሰገነው ትልቁ የአባይ ፔርች በባሮ፣ በኦሞና በጫሞ ሐይቅ ይገኛል። ወደ ጣና ግን ሊወጣ አልቻለም፤ የጭስ ዓባይ ፏፏቴ በር ሆኖ ዘግቶበታል። ከዚያ በላይ ያሉት የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው በመኖራቸው በሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዓይነቶች ሆነዋል። በአዋሽ አምባዛና ቆሮሶ አለ፤ ከእነርሱ ጋራ ግን አዞና ጕማሬ አሉ።

ቦርከናስ? በኮምቦልቻ ከተማ ፋብሪካዎች በተተከሉ ጊዜ የብዙዎቹ ፍሳሽ ወርካና ለዮሌ በሚባሉ ጅረቶች በኩል ወደ ቦርከና ገባ። ይኸው ውሃ ነው ወደ ጨፋ የሚወርደው፤ ከብቱም የሚጠጣው ይህንኑ ነው። ስንቅ ሲያልቅ ዓሣ እናጠምዳለን ያልነው የከተማ እጣቢ ከሚቀላቀልበት ውሃ ነበር ማለት ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለጨፋ ልጅም ይሠራል፤ በውሃ መካከል ተቀምጦ ንጹሕ ውሃ ይቸግረዋል።

የሰው እጅ የለወጠው ቦርከናን ብቻ አይደለም። የቆቃ ግድብ በ1960 ከተሠራ ጀምሮ የአዋሽ ውሃ በልክ የሚለቀቅ ሆኗል። በ1973 አሜሪካውያን ወጣቶች በጎማ ጀልባ የወረዱበት ኦሞ በ2016 በተመረቀው በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተገትቷል። በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም የቀድሞዎቹ መንገደኞች የተንገላቱበትን የአባይ ሸለቆ የታችኛውን ክፍል ሐይቅ አድርጎታል። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች የጻፉትን መንገድ እንዳለ መከተል አይቻልም፤ መንገድ መምረጥ በየዘመኑ እንደ ገና የሚሠራ ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ያየናቸውን ታሪኮች አንድ ላይ ስናደርጋቸው ይህን እናገኛለን። ማክሚላን መሣሪያውን አምኖ ጠፋበት፤ የባሮ ነጋዴዎች ወሩን ጠብቀው ተጠቀሙ፤ ቺዝማንና ቴሲጀር በዳሩ ያለውን ሰው ጠይቀው ደረሱ። መንገድን መንገድ የሚያደርገው ካርታው እንዳልሆነ ይህ ይበቃናል።

እኔና ጓደኞቼ ከጨፋ በጀልባ የመውረዱን ዐሳብ ትተነዋል። በምትኩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በኮሌጃችን የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች በአንድነት ሆነው በቅድሚያ የጨፋን ሽማግሌዎች ፈቃድ ይጠይቁ፤ በክረምትና በበጋ የቦርከናን ውሃ ልክና ንጽሕና ይመዝግቡ፤ ከብት ጠባቂዎቹ ወደ ምሥራቅ የሚመለሱበትን የእግር መንገድ ከእነርሱው ጋራ ሄደው ይጻፉ። ያ መንገድ ለእኛ አዲስ ነው፤ ለእነርሱ ግን የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ነው። ጀልባው ከዚያ በኋላ ቢያስፈልግ ይታሰብበታል።

ሦስቱን ጥያቄዎች የጠየቁን ሽማግሌ ኮሌጅ አልገቡም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓመት የተማርኩት የታሪክ ትምህርት የተጀመረው ከእርሳቸው ደጃፍ መሆኑን ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ።