ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን
ፕላስቲክ

በእያንዳንዷ ጉድጓድ ጥቂት ጠብታ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ዜብራፊሽ የተባለ ዓሣ አንዲት ጫጩት። ዕድሜዋ አምስት ቀን፣ ርዝመቷ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንጎሏ ሳይከፈት በማይክሮስኮፕ ይታያል።

በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስኮት ባራባንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የተጠቀሙባቸው እንዲህ ያሉ ዓሦች፣ ሶዲየም ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚገባበትን በር የሚሠራ አንድ ዘረመላቸው የተበላሸ ነበር። በሰው ላይ የዚሁ አቻ ዘረመል ጉድለት ድራቬት ሲንድሮም የተባለውን፣ በጨቅላነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ዓሣ ሲጥላት አረፋ አትደፍቅም፤ በጉድጓዷ ዙሪያ እንደ እንዝርት ትሾራለች፣ ቀጥላም ትገተራለች። ሩጫዋን ካሜራና ኮምፒውተር ይለካሉ።

ለበሽታው መድኃኒት ፍለጋ 320 ውህዶች ውሃው ውስጥ እየተጨመሩ ተፈተኑ። የዓሦቹን ግርግርም፣ በአንጎላቸው የሚነሣውን የኤሌክትሪክ ማዕበልም ያረገበው ክሌሚዞል ነበር፤ ለሚጥል በሽታ ያልታሰበ፣ የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ የአለርጂ መድኃኒት! እርግጥ ዓሣን ያረጋጋ ሁሉ ሕፃንን አያድንም፤ ወሳኙ ፈተና በሰው ላይ የሚደረገው ነው።

እንዲህ ያለው ሳህን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ አገልግሎ ይጣላል። ይህኛው የቀረበው ዓይነቱን ለማሳየት ነው።