ደግ ሰርቨር አደራ ሲበላ

አደራ ተቀባይ የታሸገውን ጥቅል እንደታሸገ ያደርሳል። ፈትቶ ማቅረቡ ደግነት ቢመስለውም አደራውን ነክቷል። የሶፍትዌር ቅጂ የሚያሰራጩ ሚረር ሰርቨሮችን ለዓመታት ያስቸገረው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ዣን-ሉ ጋይሊና ማርክ አድለር ጂዚፕን ይፋ ያደረጉት የፓተንት ጣጣ የነበረበትን የዩኒክስ ፋይል ማመቂያ፣ ኮምፕረስን፣ ለመተካት ነበር። ጂዚፕ ብዙም ሳይቆይ የነጻ ሶፍትዌር ዋና ማሸጊያ ሆነ። ዴቢያንን የመሳሰሉ ፕሮጀክቶች የሶፍትዌር ዝርዝራቸውን በእሱ አምቀው አሰራጩ።

በ1999 የታደሰው የኤችቲቲፒ 1.1 መስፈርት ሁለት ሄደሮችን ለይቶ ነበር። "ኮንቴንት-ኢንኮዲንግ" ይዘቱ ራሱ የታመቀ መሆኑን ይናገራል። "ትራንስፈር-ኢንኮዲንግ" ደግሞ ለመንገድ ብቻ የታመቀውን። በተግባር ግን ብራውዘሮችና ሰርቨሮች የመጀመሪያውን ለሁለቱም ሥራ አዋሉት፤ ሰርቨሩ ያምቃል፣ ተቀባዩ ዝም ብሎ ይፈታል።

ለድረ ገጽ ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ከመነሻው ታሽጎ የተቀመጠ ፋይል ላይ ነው። አፓቼ የፋይሉን ቅጥያ አይቶ "ኮንቴንት-ኢንኮዲንግ፦ ጂዚፕ" እንዲል ከተዋቀረ፣ አንዳንድ አውራጅ ፕሮግራም ፋይሉን ፈትቶ በዚያው በታመቀው ስም ያስቀምጠዋል። ስሙ የታሸገ ይላል፣ ውስጡ የተፈታ ነው። ሚረሩ ይህን ከያዘ፣ ከእሱ የሚቀዱት ሁሉ ስህተቱን ይወርሳሉ።

ያጋለጠው ሃሽ ነው። ዴቢያን የእያንዳንዱን ዝርዝር ፋይል መጠንና ሃሽ "ሪሊስ" በተባለ ፋይል ይመዘግባል፤ በ2007 ከወጣው ዴቢያን 4.0 ጀምሮ ደግሞ የዚህን ፋይል ዲጂታል ፊርማ የመጫኛ ፕሮግራሙ ራሱ ያረጋግጣል። ስለዚህ ተጠቃሚው "ሃሽ አልገጠመም" የሚል መልእክት ሲያይ ጠላፊ የገባ ይመስለዋል። ጥፋተኛው ግን ሊረዳ የፈለገ ሰርቨር ሊሆን ይችላል።

ዴቢያን ሚረሮቹን በአርሲንክ እንዲቀዱ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1996 የወጣው ይህ መሣሪያ ለመንገድ ቢያምቅ እንኳ መድረሻው ላይ ባይቶቹን እንደነበሩ ይመልሳል። በ2015 የመጣው ኤችቲቲፒ 2 ደግሞ "ትራንስፈር-ኢንኮዲንግ"ን ጭራሽ ከለከለ። የቀድሞው ልዩነት በወረቀት እንኳ አልተረፈም።

እንግዲህ ሚረር የሚያቋቁም ሁሉ ስለ ፍጥነት ከማውራቱ በፊት አንድ የታመቀ ፋይል ከራሱ ሰርቨር ያውርድና ሃሹን ከምንጩ ጋር ያስተያይ። ካልገጠመ መጀመሪያ ሄደሩን ይመልከት።